አሮጌውን ቤት ሳይሸጡ አዲስ ቤት ስለ መግዛት

ለዚህ ገጽ የሚላኩት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና የሚናገሩ ናቸው። እኔ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ነገር ግን ስለ ቀረጥ ነው። ቀረጥ የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ እንጂ የቤተ ሰብ ገጽ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይኾናል። ነገር ግን ባልና ሚስት ብዙ ወራት የመከሩበት፥ አማትን እንቅልፍ የነሣ፥ ወንድምንና ወንድምን ያከራከረ ቀረጥ ከቤተ ሰብ ነገር ሊለይ አይችልም። ደግሞም ከአንባቢዎች መካከል በእንግሊዝ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው ጥቂቶች ስላልኾኑ፥ የሚጠቅማቸው ነገር አያጡበትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በሎንዶን ከተማ መኖር ከጀመርሁ ኻያ ዓመት ዐለፈኝ። እንጀራዬን የማገኘው በሒሳብ ጸሓፊነት ነው፤ ባለቤቴ በሆስፒታል ነርስ ናት። ሦስት ልጆች አሉን፤ የባለቤቴም እናት ከብዙ ዓመት ጀምሮ ከእኛ ጋራ ይኖራሉ። ሕጉ የእንግሊዞች ስለ ኾነ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቈጣጠር የምናገረውን አስታውቃለሁ።

በእንግሊዝ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ለሻጩ ከሚከፍለው ዋጋ ሌላ ለመንግሥት የቴምብር ቀረጥ ይከፍላል። ቀረጡ የገዢው ነው፤ ሻጩን አይነካውም። የቴምብር ቀረጥ በዚያ አገር የተጀመረው በ1694 በንጉሥ ዊልያምና በንግሥት ሜሪ ዘመን፥ ከፈረንሳይ ጋራ ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ለማግኘት ነው። በዚያን ጊዜ የታወጀው ለአራት ዓመት ብቻ ተብሎ ነበር። አራቱ ዓመት ካለቀ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኾኖታል፤ ቀረጡ ግን አለ። ከ2003 ወዲህ በመሬትና በቤት ላይ ያለው ቀረጥ ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለታል፤ በወረቀት ላይ የሚለጠፍ ቴምብርም የለም፤ ሰዉ ግን እስካሁን የሚጠራው በአሮጌ ስሙ ነው።

የቀረጡ ልክ እንደ ቤቱ ዋጋ በደረጃ ይወጣል። እኛ በገዛንበት በ2025 በፌብሩዋሪ ወር፥ ከዋጋው እስከ 250,000 ፓውንድ ያለው ከቀረጥ ነጻ ነበረ፤ ከዚያ በላይ እስከ 925,000 ድረስ ባለው ላይ ከመቶ አምስት ይከፈል ነበር። ስለዚህ 500,000 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት የገዛ ሰው 12,500 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ቤት የሌለው ሰው ሲገዛ ነው።

ቤት ሳለው ሌላ ቤት ለሚገዛ ሰው ግን በ2016 በኤፕሪል 1 ቀን የተጀመረ ተጨማሪ ቀረጥ አለ። እርሱም በቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ላይ ከመቶ ሦስት ይከፈል የሚል ነበር። ምክንያቱ፥ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ለኪራይና ለዕረፍት ጊዜ እያሉ ቤት በላይ በላዩ ስለሚገዙ፥ አዲስ ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች የሚገዙት አጡ የሚል ነው። በ2024 በኦክቶበር 30 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሯ በጀታቸውን ለፓርላማ ሲያቀርቡ ከመቶ ሦስቱን ከመቶ አምስት አደረጉት፤ የጸናውም በማግሥቱ ነው። አስቀድመው ውል የተፈራረሙት በአሮጌው ልክ እንዲከፍሉ ተተወላቸው፤ ሌላው ሰው ግን ተኝቶ ሲነሣ ቀረጡ ከፍ ብሎ ጠበቀው። ይህ የምናገረው በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ ስላለው ሕግ ነው። ዌልስና ስኮትላንድ የየራሳቸው አላቸው፤ በስኮትላንድ ተጨማሪው ከ2024 ዲሴምበር ወዲህ ከመቶ ስምንት ደርሷል።

ለመኾኑ ኹለት ቤት አለው የሚባለው ማን ነው? ሕጉ የሚመለከተው፥ አዲሱ ቤት የተገዛበት ቀን ሲያልቅ፥ ማለት እኩለ ሌሊት ላይ፥ ገዢው ስንት ቤት እንዳለው ነው። ጧት አሮጌውን ሸጦ ከቀትር በኋላ አዲሱን የተረከበ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለ ኾነ ተጨማሪ የለበትም። ዐርብ ገዝቶ ሰኞ የሚሸጥ ግን ለሦስት ሌሊት የኹለት ቤት ጌታ ኾኖ ስለሚቈጠር ይከፍላል። ባልና ሚስትም በዚህ ሕግ እንደ አንድ ሰው ስለሚታዩ፥ አሮጌው በሚስት ስም አዲሱ በባል ስም ነው ማለት አያድንም።

እንግሊዞች ሽያጭና ግዢን በአንድ ቀን ለማድረግ ቀድሞም ይጥሩ ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ግን የቀረጡ ፍርሃት ተጨመረበት። የአንተን ቤት የሚገዛው ሰው የራሱን ይሸጣል፤ የርሱን የሚገዛውም እንደዚሁ የራሱን ይሸጣል። እንዲህ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው አንድ ዐርብ ቀን ኹሉም ዕቃቸውን ጭነው ይወጣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በበሩ ቆሞ ቍልፉን ይጠብቃል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት የተቈረጠ እንደ ኾነ ግን ኹሉም ባለበት ይቀራል። በእኛ የደረሰው ይህ ነው።

እኛ የምንኖረው በአንድ ትልቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ኹለት መኝታ ቤት ባለው አፓርትማ ነበር። ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ በቂ ነበረ። አማቴ ጕልበታቸውን መታመም ከጀመሩ በኋላ ግን፥ አሳንሰሩ የተበላሸ ዕለት ከቤት መውጣት አይችሉም ነበር፤ አሳንሰሩም መበላሸትን ሥራው አድርጎት ነበር። አንድ ጊዜ ዐቢይ ጾምን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ኹለት እሑድ ብቻ ነው። በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ወደ ታች ሲመለከቱ ባየኋቸው ቍጥር እኔም ባለቤቴም አንነጋገርም፤ የምናስበው ግን አንድ ነበር።

በ2024 መጨረሻ የምንፈልገው ቤት ተገኘ። በምድር ቤቱ መኝታና መታጠቢያ ያለው፥ ከኋላውም ጎመንና ጤና አዳም የሚተከልበት ቦታ የነበረው ቤት ነው፤ ዋጋው 500,000 ፓውንድ። አፓርትማችንንም የሚገዛ ሰው ተገኝቶ በዋጋ ተስማማን። በእንግሊዝ አገር ግን በዋጋ መስማማት ገና ምንም አይደለም። የኹለቱ ወገን ነገረ ፈጆች የተፈረመውን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ፥ ገዢም ሻጭም አንዳች ካሣ ሳይከፍል ነገሩን ትቶ መሄድ ይችላል። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል እንደ ማኅተም በሚቈጠርበት አገር ላደገ ሰው ይህ እጅግ ይከብዳል። በጃንዋሪ 2025 ውሉ ሊፈረም ጥቂት ቀን ሲቀረው ገዢያችን ሐሳቡን ለወጠ። ምክንያቱን አልነገረንም፤ ሊነግረንም ግዴታ የለበትም።

የአዲሱ ቤት ሻጭ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ። ወደ ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ ቍርጥ ሐሳብ ስላደረጉ፥ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ካልተረከባችሁኝ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አሉ። ከዚህም በቀር ከኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮ ከቀረጥ ነጻ የነበረው የዋጋ ክፍል ከ250,000 ወደ 125,000 እንዲወርድ ተወስኖ ስለ ነበረ፥ መዘግየቱ ብቻውን 2,500 ፓውንድ ያስጨምረን ነበር።

ነገረ ፈጃችን ሒሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ላከልን። መደበኛው ቀረጥ 12,500፤ ተጨማሪው 25,000፤ ድምሩ 37,500 ፓውንድ። ቤቱን በተረከባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ የምትኖሩበትን አሮጌውን ቤት በሦስት ዓመት ውስጥ ብትሸጡ 25,000ው ይመለስላችኋል፤ ባትሸጡ ግን በዚያው ይቀራል ይላል።

ይህነን ወረቀት ማታ ለባለቤቴ ሳነብላት አማቴ ከወንበራቸው ኾነው ይሰሙ ኖሯል።

«ልጄ፥ ትርፍ ቤት አለባቸው ብለው ጻፉብን?» አሉኝ።

ትርፍ ቤት የምትለዋን ቃል በርሳቸው ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው እንደ ቀልድ አይናገራትም። ባላቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከደመወዛቸው እየቈጠቡ በጉለሌ የሚኖሩበትን ቤት፥ በቀበና ደግሞ ለጡረታችን ይኾነናል ብለው የሚያከራዩትን አንድ ትንሽ ቤት ሠሩ። በእኛ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ስለ ተደነገገ የቀበናው ቤት ተወረሰ። ኪራዩ ከመቶ ብር ያነሰ ስለ ነበረ ወደ ቀበሌ ተላለፈ። ባላቸው ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ መንገድ አላለፉም፤ ወደ ቀበና ለቅሶ ሲኖር እንኳ በሌላ በኩል ዞረው ይሄዱ ነበር ይላሉ።

«እማማ፥ ይህ ሌላ ነው። ቤቱን አይወስዱትም፤ የሚይዙት ገንዘብ ነው። አሮጌውን የሸጥን እንደ ኾነ ይመልሱልናል» አልኋቸው።

«ማን መለሰ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ግልጽ ነው፤ እኔም በሥራዬ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸው ሲመለስላቸው ዐይቻለሁ። ነገር ግን ቤት የተወረሰበትን ሰው በሒሳብ ማሳመን አይቻልም። ባለቤቴ እግራቸው ሥር ተቀምጣ፥ ይህ ቀረጥ በቤት ዋጋ ላይ የሚከፈል እንጂ በሰው ላይ የሚጻፍ በደል አለመኾኑን ደጋግማ አስረዳቻቸው። በመጨረሻ «እንግዲህ ለእኔ ብላችሁ ከኾነ ተዉት፤ እኔ መስኮቱ ይበቃኛል» አሉ። ቤቱ የሚገዛ መኾኑን ባለቤቴና እኔ በልባችን የቈረጥነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መደበኛውን 12,500 አስቀድመን አዘጋጅተነው ነበር። ለቤቱ ቅድሚያ የሚከፈለውን፥ ባንኩ በአፓርትማው መያዣነት ጨምሮ አበደረን። አባቶቻችን ወለድ አግድ በሚሉት ልማድ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን እየበላ ወለዱን ይተዋል፤ በዚህ አገር ግን ተበዳሪው በቤቱ ይኖራል፥ ወለዱንም በየወሩ ይከፍላል። የትኛው ይሻላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር የወለድ አግዱ ባላገር ቢያንስ ሌሊት ሌሊት ሒሳብ አያሰላም ነበር እለዋለሁ። ለተጨማሪው ቀረጥ ግን ባንክ አያበድርም። ያጠራቀምነው 10,000 ፓውንድ ነበረን። በአገር ልጆች መካከል 18 ሰዎች በየወሩ 500 ፓውንድ የምንጥልበት እቍብ አለን፤ የዚያ ወር ዕጣ የደረሳት እመቤት የአማቴን ነገር ሰምታ ተራዋን ለቀቀችልን፤ 9,000 ኾነ። የቀረውን 6,000 በበርሚንግሃም የሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ ያለ ውል ያለ ምስክር ሰጡኝ።

ቤቱን የተረከብነው በ2025 በፌብሩዋሪ 14፥ ዐርብ ቀን ነው። ቀረጡም በአሥራ ኹለተኛው ቀን ተከፈለ።

እዚህ ላይ የሚሰማኝን ልናገር። ኹለትና ሦስት ቤት የሚሰበስብ ሰው ከሌላው የበለጠ ይክፈል የሚለው ሕግ ፍርዱ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ለሚለውጥ ሰውም ገንዘቡ ይመለስለታል መባሉ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ልዩነቱን ማወቃቸውን ያሳያል። ነገር ግን የሚመለሰው አስቀድሞ ለከፈለ ነው። 25,000 ፓውንድ አግኝቶ ለመንግሥት ለጊዜው ማበደር የሚችል ሰው አንድ ሳንቲም አይጐድልበትም፤ የማይችል ግን ቤቱን ያጣል። ከሥራ ጓደኞቼ አንዱ፥ አራተኛ ልጅ ሊወለድለት ሲል ልክ እንደ እኛ ሰንሰለቱ ተቈረጠበት። እቍብ የለውም፤ በርሚንግሃም ወንድም የለውም። ያየውን ቤት ሌላ ሰው ገዛው፤ እርሱ ዛሬም ከአራት ልጆች ጋራ በኹለት ክፍል ይኖራል። ባለጸጋውን ለማስከፈል የወጣ ሕግ በእርሱ ደጅ ሲደርስ ያስከፈለው ገንዘብ ሳይኾን ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር በኹለት ቤት ኖርን ማለት ይቻላል፤ በአንዱ እየኖርን ሌላውን እየጠበቅን። የአፓርትማው የባንክ ወለድ፥ የሕንፃው ማስተዳደሪያና የማዘጋጃ ቤቱ ግብር ተደምሮ በወር 1,300 ፓውንድ ያኽል ይወስድብን ነበር። የማዘጋጃ ቤት ግብር ለኹለቱም ቤት ይከፈላል። ከ2025 ኤፕሪል ወዲህ በእንግሊዝ አገር ማዘጋጃ ቤቶች ዕቃ ባለበትና ማንም በማይኖርበት ኹለተኛ ቤት ላይ ግብሩን ዕጥፍ ሊያደርጉት ተፈቅዶላቸዋል፤ በውነት ለሽያጭ የቀረበ ቤት ግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከዕጥፉ ይድናል። ለዚህ ከደላላው ጋራ የተደረገውን ውል አስቀምጦ ማሳየት ያስፈልጋል።

ሌላም የጊዜ ገደብ አለ። ሰው የሚኖርበትን ቤት አትርፎ ቢሸጥ በትርፉ ላይ ግብር አይከፍልም። ቤቱን ለቆ ከወጣ በኋላም የመጨረሻው ዘጠኝ ወር እንደ ኖረበት ይቈጠርለታል፤ ከዚያ የሚያልፍ እንደ ኾነ ግን ከትርፉ ጥቂት ጥቂት እያለ ግብር ይነካዋል። ይህ ገደብ ቀድሞ ሦስት ዓመት ነበረ፤ ከዚያ አሥራ ስምንት ወር ኾነ፤ ከ2020 ኤፕሪል ወዲህ ዘጠኝ ወር ነው። እንግዲህ ለቴምብር ቀረጡ ሦስት ዓመት አለን ብሎ የሚዝናና ሰው፥ በሌላ በር ዘጠኝ ወር ብቻ እንደ ተሰጠው ልብ ማድረግ አለበት።

በዚህ መካከል ታላቅ ወንድሜ በስልክ ይመክሩኝ ጀመር። «ለምን ትሸጠዋለህ? አከራየው። የእኔ 6,000 አያስቸኵልህ፤ ከፈለግህ ለልጆቹ ስጦታ ይኹን። ቤት የሸጠ ሰው መልሶ ሲገዛ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ወንድሜ ክፉ አልመከሩኝም። አባታችን ርስቱን ሸጦ የሞተ ሰው ስም በመንደራችን እንዴት ይነሣ እንደ ነበረ ኹላችንም ሰምተን አድገናል። እኔም እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ርሳቸው አደላ። ያ አፓርትማ ሦስቱም ልጆች መራመድ የተማሩበት ነው።

ባለቤቴ ግን ወረቀትና እርሳስ አመጣች። አፓርትማው ቢከራይ በወር 1,500 ፓውንድ ያገኛል። ባይሸጥ የሚቀረው 25,000 ፓውንድ የአሥራ ስድስት ወር ከግማሽ የሚበልጥ ኪራይ ነው። በዚያ ላይ የባንኩ ወለድ አለ፤ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም በትርፉ ላይ የሚመጣው አለ። «ከሒሳቡም ኹሉ በላይ፥ እማማ ሌሊት አይተኙም። ኹለት ቤት እስካለን ድረስ አንድ ቀን ሰው መጥቶ በሩን የሚመታ ይመስላቸዋል። እኔ እናቴን ከአራተኛ ፎቅ ያወረድሁት ደግሞ እንድትፈራ አይደለም» አለችኝ።

ለወንድሜ ይህነን ሳስረዳቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «የቀበናውን ቤት ነገር አላውቅም ነበር። ሽጡት» አሉ።

አፓርትማው በኦክቶበር 2025 ተሸጠ፤ መጀመሪያ ከጠየቅነው 12,000 ፓውንድ ቀንሰን ነው። ቀረጡ እንዲመለስ ማመልከቻው ቀላል ነው፤ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ በአሥራ ኹለት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ገንዘብ ያለበት ቦታ ሰው አይጠፋምና፥ ገና ሳናመለክት ከመቶ ይኽን ያኽል ብትሰጡን እናስመልስላችኋለን የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ማንም ሰው ራሱ ያለ ክፍያ ሊያመለክት ስለሚችል ደብዳቤውን ለልጆቹ የሥዕል ወረቀት አደረግነው። ገንዘቡ ገብቶ ባየሁ ዕለት ለአማቴ የባንኩን ወረቀት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቍጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። «ለዚያች ለእቍቧ ሴት ዛሬውኑ ስጧት» አሉ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ለወንድሜም 6,000ው ተመለሰ፤ ስጦታ ነው ያሉትን ረስተው አልነበረም፤ እኛ ግን አልተቀበልነውም።

ስለ እኛ ይህ ይበቃል። በአዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ከዚህ ይልቅ የሚጠቅማቸው የእኅቴ ልጅ ነገር ሳይኾን አይቀርም። የእኅቴ ባል ደግ አባት ነው። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ በገርጂ አንድ ቤት ገዝቶ ካርታውን በልጁ ስም አወጣ። ከአባቶች መካከል ይህነን ያደረጉ ብዙዎች ናቸው፤ ልጁ አድጎ ቤት አጣሁ እንዳይል ነው። ልጁ በ2016 ለትምህርት ወደ ሎንዶን መጣ፤ ሥራም ይዞ በኪራይ ቤት ይኖር ጀመር። ከገርጂው ቤት ኪራይ አንድ ብር አልደረሰውም፤ ኪራዩን የሚቀበሉት ወላጆቹ ናቸው፤ የሚገባቸውም ነው።

በ2025 በበጋው 300,000 ፓውንድ የሚያወጣ ትንሽ አፓርትማ አገኘ። በእንግሊዝ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው እስከ 300,000 ድረስ ምንም የቴምብር ቀረጥ አይከፍልም። እርሱም አልከፍልም ብሎ ተደስቶ ሳለ ነገረ ፈጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። በየትኛውም አገር በስምህ ቤት አለ ወይ? ሕጉ የእንግሊዝ አገርን ቤት ብቻ አይቈጥርም፤ በዓለም ላይ ያለውን ኹሉ ይቈጥራል፤ የገዢው ድርሻ 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ እንደ ኾነ ተጨማሪው ቀረጥ ይመጣበታል። የመጀመሪያ ገዢ የሚባለውም በየትኛውም አገር፥ በስጦታም ይኹን በውርስ፥ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኅቴ ልጅ ቀረጡ ከባዶ ወደ 20,000 ፓውንድ ወጣ፤ 5,000ው መደበኛ፥ 15,000ው ተጨማሪ ነው። እንደ እኛም አሮጌውን ሸጬ አስመልሳለሁ ማለት አይችልም። የሚመለሰው ሰው የሚኖርበትን ቤት በሌላ መኖሪያ ሲለውጥ ነው፤ ልጁ ደግሞ በገርጂው ቤት አንድ ሌሊት አላደረበትም። ከግዢው በፊት ቤቱን ለአባቱ መልሶ ቢያዛውር ኖሮ 15,000ው ይቀርለት ነበር፤ ነገር ግን ውክልና ተልኮ፥ የስም ማዛወሪያ ተፈጽሞ እስኪደርስ ድረስ ሻጩ አይጠብቅም። የመጀመሪያ ገዢነት ግን ያን ጊዜም አይመለስለትም ነበር፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ጓደኞቹ «የገርጂውን ቤት እዚህ ማን ያውቅብሃል? የለኝም በል» አሉት። መጥቶ ጠየቀኝ። እኔ ገና መልስ ሳልሰጥ አማቴ ከጓዳ ወጥተው «አባትህ በስምህ ያወጣውን ቤት የለኝም ትላለህ?» አሉት። ሕጉን አላነሡም፤ ሐሰት መናገር ወንጀል መኾኑንም አልተናገሩም። ልጁ ከፈለ። ለመክፈል የሚያስፈልገውን ለማሟላት እስካሁን ሌሊት ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፤ አፓርትማውም ጥሩ ነው፤ ፀሓይ ይገባዋል።

ይህን ለእኅቴ ባል በጻፍሁለት ጊዜ፥ ለታናሺቱ ልጃቸው ደግሞ በሰሚት አንድ ቤት ተዋውሎ ኖሯል። እርሷም ወደ ኤውሮጳ ለመሄድ ወረቀት ጀምራለች። ካርታው በእርሷ ስም ሊወጣ ኹለት ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤዬ ደረሰው። ለጊዜው በራሱና በእኅቴ ስም እንዲኾን አድርጎታል፤ ልጅቱም ለምን በስሜ አልኾነም ብላ እንዳትቀየም ይህነን ጽሑፍ ቀድቼ እንድልክላት ጠይቆኛል።